ከንብረት እስከ ነዋሪነት፦ የመምረጥና የመመረጥ መብት ገደቦች በወሎ ሕዝብ ታሪክ

አኅጽሮተ ጥናት

በኢትዮጵያ የመምረጥ መብት ለአካለ መጠን ለደረሰ ዜጋ ሁሉ በሕገ መንግሥት ከታወቀ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ መብቱ በጽሑፍ መታወቁ ሁሉም ዜጋ በእኩል ወደ ድምፅ መስጫው ኮሮጆ እንዲደርስ አላደረገም። ይህ ጽሑፍ ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ የወጡትን ሕገ መንግሥቶችና የምርጫ ሕጎች የወሎን፣ በተለይም የወልድያን፣ የመርሳንና የሀብሩን አካባቢ ሕዝብ ታሪክ መነሻ በማድረግ ይመረምራል። ሦስት የገደብ ዓይነቶች ተለይተዋል፤ እነርሱም በዕጩነት ላይ የተጣለ የንብረት መስፈርት፣ በዕጩነት ላይ የተጣለ የቋንቋ መስፈርትና በመራጭነት ላይ ያለ የነዋሪነት መስፈርት ናቸው። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የንብረቱ መስፈርት በአብዮት፣ የቋንቋው መስፈርት በሕገ መንግሥት ትርጉም መፍትሔ ሲያገኙ፣ በሁሉም ሥርዓቶች ሳይነካ የዘለቀው ነዋሪነት ዛሬ በተፈናቃዮች ላይ ከሁሉም የከበደ ገደብ ሆኗል።

ቁልፍ ቃላት፦ የመምረጥ መብት፣ አድልዎ፣ ዕጩነት፣ ነዋሪነት፣ መፈናቀል፣ ሰሜን ወሎ

1. መግቢያ

ስለ መምረጥ መብት የሚደረግ ጥናት ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው ምርጫው ነጻና ፍትሐዊ ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ከምርጫው ዕለት በፊት በሕጉ በራሱ ከሰልፉ ውጭ የተደረገው ማን ነው የሚል ነው። የድምፅ ቆጠራው ምንም ያህል የጠራ ቢሆን ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረ ሰው ድምፅ አይቆጠርም። እንደዚሁም መራጩ በነጻነት ቢመርጥ እንኳ እርሱን የሚመስል ሰው ለዕጩነት እንዳይቀርብ ከተከለከለ ምርጫው ሌሎች በመረጡለት ሰዎች መካከል ብቻ ይሆናል።

በሌሎች አገሮችም የተደረገው ትግል ይህንኑ ያሳያል። በአሜሪካ በ1870 እ.ኤ.አ. የጸደቀው 15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በዘር ምክንያት የመምረጥ መብት እንዳይነፈግ ደንግጎ ነበር። የደቡብ ግዛቶች ግን ዘርን በስም ሳይጠሩ የምርጫ ግብር፣ የማንበብና የመጻፍ ፈተናና ሌሎች መስፈርቶችን በመደንገግ ጥቁር ዜጎችን ለአሥርት ዓመታት ከመዝገብ አግልለዋል። ሁኔታው የተለወጠው በሰልማ ከተማ ከተደረገው ሰልፍ በኋላ፣ በነሐሴ 1965 እ.ኤ.አ. የወጣው የመምረጥ መብት ሕግ የፈተናውን ሥርዓት ሲያግድና የፌዴራሉ መንግሥት ምዝገባውን እንዲቆጣጠር ሲፈቅድ ነው። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አድልዎ ዘወትር በስሙ ተጠርቶ እንደማይመጣ ነው፤ ለሁሉም እኩል የተጻፈ የሚመስል መስፈርት ሸክሙን በአንድ ወገን ላይ ሊጥል ይችላል።

የወሎ ሕዝብ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የተለየ ብርሃን ይሰጣል። ሕዝቡ በ1965 ዓ.ም. በረኃብ ተጠቃ፤ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ብዙው ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስዶ ሰፈረ፤ ከዓመታት በኋላም ከሰፋሪዎቹና ከልጆቻቸው መካከል ብዙዎች ተፈናቅለው ወደ ወሎ ተመለሱ። በእነዚህ ሦስት ምዕራፎች በእያንዳንዱ የምርጫ ሕጉ አንድ የተለየ መስፈርት አስቀምጦ ይገኛል።

2. የትንተናው ማዕቀፍ

የ1987ቱ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ዜጋ በቀለም፣ በዘር፣ በብሔር፣ በብሔረሰብ፣ በፆታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ ወይም በሌላ አመለካከት ወይም በሌላ አቋም ላይ የተመሠረተ ልዩነት ሳይደረግበት የመምረጥና የመመረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ለመምረጥ የተቀመጠው ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ይህ ድንጋጌ ሁለት መብቶችን አጣምሮ ይዟል፤ የመምረጥንና የመመረጥን። በተግባር ግን በመካከላቸው ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ምዝገባ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እያንዳንዱ ሕግ በሦስት በሮች በኩል ይታያል፦ ማን መራጭ ይሆናል? ማን ዕጩ ይሆናል? ማንስ በመዝገብ ይሰፍራል?

አንድ ገደብ አድልዎ የሚሆነው መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ ሁለት መመዘኛዎች ተወስደዋል። አንደኛው ገደቡ የተቀመጠለት ዓላማ ከምርጫው ሥራ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ሁለተኛው ገደቡ በተግባር የሚያርፍበት ወገን በራሱ ፈቃድ ሊያሟላው የሚችል መሆን አለመሆኑ ነው። ዕድሜ ሁሉም በጊዜው የሚደርስበት ነገር ስለ ሆነ አንዱን ወገን ከሌላው አይለይም። መሬት የሌለው ጭሰኛ ባለንብረት ሁን ቢባል፣ ወይም በጦርነት የተፈናቀለ ሰው በቀዬህ ተቀመጥ ቢባል ግን መስፈርቱን ማሟላት በእጁ አይደለም።

3. የንብረት መስፈርት፦ ከ1923 እስከ 1966 ዓ.ም.

በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቁሟል። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ሲሆኑ፣ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በአካባቢ ሹማምንት እንዲመረጡ ተደንግጎ ነበር። በዚህ ሕግ የሕዝብ መራጭነት ለወደፊት የተቀጠረ ተስፋ እንጂ መብት አልነበረም። ሕዝቡ የበቃ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው አካልም ሕዝቡ አልነበረም።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህን ለወጠ። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው፣ በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነና በምርጫ ክልሉ በቋሚነት የሚኖር ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የመምረጥ መብት አገኘ። በ1950 ዓ.ም. መባቻ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። የመጀመሪያው በር፣ ማለትም መራጭነት፣ በዚህ መልኩ ተከፈተ።

ሁለተኛው በር ግን ጠባብ ሆኖ ቆየ። ሕገ መንግሥቱ ዕጩ የሚሆን ሰው 25 ዓመት የሞላው፣ የምርጫ ክልሉ ነዋሪና በዚያው ባለንብረት እንዲሆን አዘዘ። በዚያው ዓመት የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 152 ንብረቱን በገንዘብ መጠን ወሰነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ከሆነ 1,000 ብር፣ የሚንቀሳቀስ ከሆነ 2,000 ብር የሚገመት እንዲሆን ጠየቀ። የፖለቲካ ፓርቲ ባልነበረበት ሥርዓት ዕጩው የምርጫ ዘመቻውን ወጪ ከራሱ ኪስ የሚሸፍን መሆኑ ሲታከልበት፣ ጭሰኛው ባለርስትን ሊመርጥ ይችላል፤ ራሱ ግን ሊመረጥ አይችልም ማለት ነው።

የዚህ ገደብ ውጤት በፓርላማው ሥራ ላይ በግልጽ ይታያል። የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለማስተካከል የተዘጋጀው ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤቱ በተደጋጋሚ ቢቀርብም ሥርዓቱ እስከ ወደቀበት ጊዜ ድረስ ሳይጸድቅ ቀርቷል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» በሚል መፈክር አደባባይ የወጡት የአራሹ ጥያቄ በምክር ቤቱ ውስጥ የሚናገርለት ባጣበት ጊዜ ነው። ምክር ቤቱ በባለንብረቶች የተሞላ መሆኑ በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም፤ የምርጫ ሕጉ በራሱ ያስገኘው ውጤት ነበር።

ለወሎ የዚህ ነገር ክብደት በ1965 ዓ.ም. ተገለጠ። በንጉሡ ዘመን የመጨረሻው አጠቃላይ ምርጫ የተካሄደው በሰኔ 1965 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወቅት የወሎ ረኃብ ወደ ከፋ ደረጃ ደርሶ፣ ከደሴ በወልድያ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ቀያቸውን ጥለው በተሰደዱ ረኃብተኞች ተሞልቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ወልድያ የየጁ አውራጃ መቀመጫ ነበረች። ለመምረጥ በምርጫ ክልሉ በቋሚነት መኖር ያስፈልግ ስለ ነበር፣ ከቤቱ ወጥቶ በመንገድ ዳር የወደቀ ሰው ለምዝገባ የሚሆን አድራሻ አልነበረውም። ለዕጩነት የተጠየቀው ንብረትም በሬውንና እህሉን ለጨረሰ ገበሬ የማይታሰብ ነበር። በዚያ ምርጫ ድምፁ እጅግ ያስፈልግ የነበረው ሕዝብ ድምፁን ለማሰማት ያለው ዕድል ከሁሉም ያነሰ ሆነ።

የኢኮኖሚ ምሁሩ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ድህነትና ረኃብ በተጻፈ መጽሐፉ ለወሎ ረኃብ አንድ ምዕራፍ ሰጥቷል። በጥናቱ መሠረት በዚያን ዓመት በአገሪቱ የነበረው አጠቃላይ የምግብ መጠን እምብዛም አልቀነሰም፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋም የረኃቡን ያህል አልናረም። የወሎ ገበሬ የተራበው እህል በአገር ውስጥ ስለ ጠፋ ሳይሆን፣ ምርቱ በመጥፋቱ ምክንያት እህል የማግኘት አቅሙን ስላጣ ነው። ሴን በኋለኞቹ ሥራዎቹ ነጻ ጋዜጣና ተወዳዳሪ ምርጫ ባለበት አገር ከባድ ረኃብ እንደማይከሰት የተከራከረው፣ መንግሥት ለመራጩ መልስ የመስጠት ግዴታ ሲኖርበት በጊዜ ይንቀሳቀሳል ከሚል መነሻ ነው። ከወሎ አንጻር ይህ ክርክር ሊሰፋ ይችላል፤ ምርጫ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ምርጫ ነበረ፤ የሌለው ረኃብተኛውን ሊወክል የሚችል ዕጩና ረኃብተኛውን የሚይዝ መዝገብ ነበር።

4. ሰፈራና የፓርቲ ዕጩነት፦ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የንብረቱን መስፈርት ትርጉም አሳጣው። መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ባለርስትና ጭሰኛ የሚለው ልዩነት በሕግ ተሰረዘ። ይሁን እንጂ ብሔራዊ ምርጫ ሳይደረግ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ። በ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ በሕዝበ ውሳኔ ከጸደቀ በኋላ በሰኔ ወር የብሔራዊ ሸንጎው 835 አባላት ተመረጡ። መራጭነት ለ18 ዓመት ወጣት ተከፈተ፤ ዕጩ የማቅረብ ሥልጣን ግን በኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ አካላት፣ በሕዝባዊ ድርጅቶችና በጦር ክፍሎች እጅ ቀረ። የንብረቱ መስፈርት በፖለቲካ ታማኝነት ተተካ ማለት ይቻላል።

ለዚህ ጥናት ከምርጫው ይልቅ የሚጎላው በዚያው ዘመን የተደረገው ሰፈራ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በድርቅ ከተጠቁ አካባቢዎች ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላ፣ አሶሳና መተከል ተወሰደ። ከዚህ ሕዝብ አብዛኛው የተነሣው ከወሎ ነው። ብዙዎቹ በፈቃዳቸው፣ ብዙዎቹም በግዴታ ሄዱ። በሸንጎው ምርጫ ጊዜ ሰፋሪው በአዲሱ ስፍራ ነዋሪ ተብሎ ተቆጥሯል፤ ምክንያቱም አገሪቱ አሐዳዊ ስለ ነበረች ከየት መጣህ የሚለው ጥያቄ በሕግ ፊት ክብደት አልነበረውም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን ክልሎች በዋናነት በብሔርና በቋንቋ መስመር ሲዋቀሩ፣ ሰፋሪው ከሰፈረበት መሬት ሳይነቃነቅ በሌላ ክልል «ባለቤት ያልሆነ» ነዋሪ ሆነ።

5. የቋንቋ መስፈርት፦ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጉዳይ

የ1987ቱ የምርጫ አዋጅ ቁጥር 111 በአንቀጽ 38 ንዑስ አንቀጽ 1(ለ) ዕጩ የሚወዳደርበትን ብሔራዊ ክልል ወይም አካባቢ ቋንቋ እንዲያውቅ ይጠይቅ ነበር። በ1992ቱ ምርጫ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ለመወዳደር የቀረቡ፣ ከክልሉ ነባር ብሔረሰቦች ያልሆኑ ዕጩዎች የበርታን ቋንቋ አይችሉም በሚል አቤቱታ ቀረበባቸው፤ የምርጫ ቦርዱም ከዕጩነት አገዳቸው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ ጉዳዩን ይበልጥ አወሳሰበው፤ በምክር ቤት ሊሠሩበት የሚችሉትን ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች በምክር ቤት የማይሠራበትን ቋንቋ ባለማወቃቸው ተከለከሉ።

ገደቡ ያረፈበት ወገን ጥቂት አልነበረም። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት አማሮችና ኦሮሞዎች አንድ ላይ ከክልሉ ሕዝብ ከሦስት አንዱን እጅ ይበልጣሉ። ከእነዚህም መካከል በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ ወደ አሶሳና ወደ መተከል የተወሰዱ ሰፋሪዎችና በዚያው የተወለዱ ልጆቻቸው ይገኛሉ። መንግሥት ያሰፈረው ሰው መንግሥት በሚያካሂደው ምርጫ እንዳይወዳደር ተከለከለ ማለት ነው።

አቤቱታው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀረበ። የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ የአዋጁ ድንጋጌ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ጋር እንደሚጋጭ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ፤ የሁለቱ አንቀጾች ቁጥር መመሳሰል የጉዳዩን ምጸት ያጎላዋል። ምክር ቤቱ በመጋቢት 1995 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ግን መካከለኛ መንገድ ያዘ። የቋንቋ መስፈርቱ በራሱ ሕገ መንግሥቱን እንደማይጥስ፣ ሆኖም መስፈርቱ መተርጎም ያለበት የክልሉን የሥራ ቋንቋ በማወቅ እንደ ሆነ፣ ስለዚህም አማርኛ የሚያውቁትን ዕጩዎች ማገድ ትክክል እንዳልነበረ ወሰነ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 532 የክልሉን ወይም የአካባቢውን የሥራ ቋንቋ ማወቅን በመስፈርትነት ሲያስቀምጥ ይህን አተረጓጎም ወደ ሕግ ጽሑፍ አመጣው።

ውሳኔው ከሁለት በኩል ሊመዘን ይገባል። በአንድ በኩል፣ ነባሮቹ ብሔረሰቦች ያነሡት ስጋት ባዶ አልነበረም። በቁጥር አነስተኛ የሆነ ሕዝብ ከሌላ ስፍራ በመጡ ነዋሪዎች ብዛት በገዛ ምክር ቤቱ ውስጥ ድምፁ እንዳይዋጥ መጠበቁ በሕገ መንግሥቱም ዕውቅና ያለው ጥቅም ነው፤ አንቀጽ 54 ለአናሳ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ እንዲኖር የደነገገው ለዚሁ ነው። በሌላ በኩል፣ ለዚህ ዓላማ የተመረጠው መሣሪያ የሌላውን ዜጋ የመመረጥ መብት ከሥሩ የሚነቅል ነበር። የምክር ቤቱ ውሳኔ የቋንቋን ዕውቀት ከማንነት መለያነት ወደ ሥራ መሣሪያነት መለሰው። መስፈርቱ ከሥራው ጋር የተገናኘና ማንም ተምሮ ሊያሟላው የሚችል በመሆኑ፣ በክፍል 2 የተቀመጡትን ሁለቱን መመዘኛዎች ያልፋል። ያልተፈታው ግን ውሳኔው የመጣው ምርጫው ካለፈ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው። በምርጫ ጉዳይ የዘገየ ፍትሕ ለታገደው ዕጩ ስሙን ያድስለት ይሆናል፤ መቀመጫውን ግን አይመልስለትም።

6. የነዋሪነት መስፈርት፦ ተፈናቃዩ የት ይመርጣል?

በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1162 ለመራጭነት ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊነት፣ 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር። የመጨረሻው መስፈርት በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ከነበረው የቋሚ ነዋሪነት መስፈርት ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። ንብረት፣ የፓርቲ ድጋፍና የአካባቢ ቋንቋ በየተራ ሲሻሩ ወይም ሲሻሻሉ ነዋሪነት ከሥርዓት ወደ ሥርዓት ተላልፎ ቆሟል።

መስፈርቱ ምክንያት የለውም ማለት አይቻልም። የአካባቢ ተወካይ የሚመረጠው በአካባቢው ሰዎች እንዲሆን፣ ለምርጫ ዕለት ብቻ ከሌላ ስፍራ መራጭ ተጭኖ እንዳይመጣና አንድ ሰው በሁለት ስፍራ እንዳይመዘገብ ይጠብቃል። ችግሩ የሚነሣው ሰው በፈቃዱ ሳይሆን ተገድዶ ሲንቀሳቀስ ነው። አዋጁ ይህን ተገንዝቦ ለካምፕ ነዋሪ ወታደሮች፣ ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችና ለተፈናቃዮች ልዩ የምርጫ ጣቢያ እንዲቋቋም ይፈቅዳል። ከሕገ መንግሥቱም በላይ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት ተፈናቃዮች የፖለቲካና የሲቪል መብቶቻቸውን፣ በተለይም የመምረጥ መብታቸውን፣ እንዲጠቀሙ መንግሥታት እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል።

ሰሜን ወሎ የዚህ ድንጋጌ መፈተኛ ስፍራ ሆኗል። የሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ምርጫ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ጦርነቱ ወደ ወልድያና ወደ መርሳ ደረሰ፤ አካባቢው ወደ ፌዴራሉ መንግሥት ቁጥጥር የተመለሰው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ ነዋሪው ወደ ደሴና ከዚያም ባሻገር ተሰድዷል፤ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶችና ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ከባድ ጉዳት ደርሶባቸዋል። የቀበሌ መዝገብና የግል መታወቂያ የጠፋበት ሰው ስድስት ወር መኖሩን በሰነድ ማስረዳት ይቸግረዋል። በኋላም በሀብሩ ወረዳ በሚገኘው በጃራ መጠለያ ከራያና ከዋግ የተፈናቀሉ፣ እንዲሁም ከወለጋ የመጡ ሰዎች ተጠልለዋል። ከወለጋ ከመጡት መካከል አባቶቻቸው በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከዚሁ ከወሎ የተወሰዱባቸው ቤተሰቦች ይገኙባቸዋል። የወሎ ሰው በረኃብ ወጥቶ፣ በስደት ተመልሶ፣ በአያቱ አገር «ነዋሪ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል።

እንዲህ ላለው መራጭ በመርሕ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከመፈናቀሉ በፊት በነበረበት ምርጫ ክልል መራጭ አድርጎ በመጠለያው በልዩ ጣቢያ ድምፅ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ይህ መንገድ ማፈናቀል የምርጫ ውጤትን እንዳይለውጥ ይከላከላል፤ የመመለስ መብትንም ሕያው አድርጎ ይይዛል። ነገር ግን ዕጩዎቹ ወደ መጠለያው መጥተው አይቀሰቅሱም፤ መራጩም የማያያቸውን ሰዎች ለመምረጥ ይገደዳል። ከዚህም የከፋው በመነሻው ምርጫ ክልል ምርጫ ካልተካሄደ በመጠለያውም የሚሰጥ ድምፅ አይኖርም። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ከ547ቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ከ100 በላይ በሚሆኑት፣ በትግራይ ሙሉ በሙሉ፣ በወለጋም በተወሰኑ አካባቢዎች ድምፅ እንዳልተሰጠ ሲታሰብ ይህ የንድፈ ሐሳብ ስጋት ብቻ አይደለም። ጸጥታ የጠፋባቸው ምርጫ ክልሎች ተፈናቃይ የሚወጣባቸው ምርጫ ክልሎች ናቸውና ገደቡ በተመሳሳይ ሰው ላይ ሁለት ጊዜ ያርፋል።

ሁለተኛው መንገድ ተፈናቃዩን በተጠለለበት ወረዳ መራጭ ማድረግ ነው። በዚህ መንገድ ውኃውን፣ ጤና ጣቢያውንና የልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረውን አካል ይመርጣል፤ በስድስት ወሩ መስፈርትም ብዙዎቹ ያልፋሉ። ይሁን እንጂ ተቀባዩ ማኅበረሰብ በእንግዶች ቁጥር እንዳይዋጥ ይሰጋል። ተፈናቃዩም በዚህ ስመዘገብ በዚያ ያለኝን የመሬትና የመመለስ መብት አጣለሁ ብሎ ይፈራል። የሁለተኛው ስጋት መሠረት በሕጉ ያለው ክፍተት ነው፤ በአንድ ስፍራ ለመራጭነት መመዝገብ በሌላው ስፍራ ያለን የይዞታ መብት እንደማይነካ የሚገልጽ ግልጽ ቃል ያስፈልጋል።

የቦስኒያ ልምድ የሁለቱንም መንገድ ጥቅምና አደጋ አሳይቷል። በ1995 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የዴይተን ስምምነት ተፈናቃዮች በመርሕ ደረጃ በ1991 እ.ኤ.አ. ይኖሩበት በነበረው ማዘጋጃ ቤት እንዲመርጡ ደነገገ፤ በአካል ባይገኙ በሌሉበት ድምፅ እንዲሰጡ ፈቀደ። ወደፊት ሊኖሩበት ባሰቡት ስፍራ የመመዝገብ አማራጭም ተሰጥቶ ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. ግን ይህ አማራጭ ማፈናቀልን ለማጽናት በሚሹ ኃይሎች መሣሪያ ሆኖ፣ ሰዎች በግፊት በማያውቁት ስፍራ ተመዘገቡ፤ በዚህም የተነሣ የማዘጋጃ ቤት ምርጫው ወደ ሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ ምርጫው የተፈናቃዩ መሆን እንዳለበት፣ ነገር ግን አማራጩ በቀደመ ነዋሪነት ወይም በአሁን መጠለያ ከተጨበጠ ማስረጃ ጋር መታሰር እንዳለበት ነው።

7. ውይይት

ሦስቱ ገደቦች ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ አካሄድ ይታያል። የንብረት መስፈርት የተመሠረተው ሰው ባለው ነገር ላይ ነው፤ የቋንቋ መስፈርት ሰው በሆነው ነገር ላይ፤ የነዋሪነት መስፈርት ደግሞ ሰው ባለበት ስፍራ ላይ። የመጀመሪያው መደብን፣ ሁለተኛው ማንነትን ተከትሎ ያገልላል። ሦስተኛው ሁሉንም በእኩል የሚያይ ይመስላል፤ የድሀውንና የአናሳውን ስም አይጠራም። ነገር ግን ሰላም ባጣ አገር ስፍራውን የሚያጣው ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ መልሱ ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይመልሳል። ቀድሞ የሚፈናቀለው በማንነቱ የተለየው ነው፤ ተፈናቅሎ በመጠለያ የሚቀረው ደግሞ ሌላ መጠጊያ የሚገዛበት አቅም የሌለው ነው።

ገደቦቹ የተነሡበት መንገድም ይለያያል። የንብረቱን ገደብ ያነሣው የመሬት አዋጁ እንጂ የምርጫ ሕግ ማሻሻያ አልነበረም። የቋንቋውን ያስተካከለው ከታገዱት ሰዎች የተነሣ አቤቱታና የሕገ መንግሥት ትርጉም ነው። ይህ ልዩነት አቤቱታ አቅራቢ መኖሩ ምን ያህል ወሳኝ እንደ ሆነ ያሳያል። በአሶሳ የታገዱት ዕጩዎች ስም፣ ድርጅትና ጠበቃ ነበራቸው። የስድስት ወሩ መስፈርት ከመዝገብ የሚያስቀረው የመጠለያ ነዋሪ ግን የሚከስበት ዕለት እንኳ የለውም፤ አለመመዝገቡ በውሳኔ አይነገረውም፤ በዝምታ ያልፋል።

8. ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ትንተና ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የነዋሪነት መስፈርት ለተፈናቃዮች በሚሠራበት ጊዜ የስድስት ወሩ ቆጠራ በቀደመው ስፍራና በመጠለያው የተኖረውን ጊዜ ደምሮ እንዲያይ ቢደረግ፣ ሕጉ ከተቀመጠለት ዓላማ ሳይወጣ ሸክሙ ይቀላል። ሁለተኛ፣ ሰነድ ለጠፋበት ሰው በአካባቢው ሽማግሌዎችና በአብሮ አደር ተፈናቃዮች ምስክርነት መለየት በገጠር ከቆየው ልማድ ጋር የሚስማማ መንገድ ነው። ሦስተኛ፣ ምዝገባ የተከለከለ ሰው ክልከላውን በጽሑፍ ሊያገኝና ከድምፅ መስጫው ዕለት በፊት ውሳኔ የሚያገኝበት የአቤቱታ መንገድ ሊኖረው ይገባል፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጉዳይ ያስተማረው የዘገየ መፍትሔ ለቀጣዩ ዕጩ እንጂ ለተበደለው እንደማይደርስ ነው።

ለቀጣይ ጥናት ሰፊ መስክ ክፍት ነው። በወልድያ፣ በመርሳና በጃራ የሚኖሩ ተፈናቃዮች በሁለቱ የመምረጫ መንገዶች መካከል የሚያደርጉት ምርጫ፣ የወረዳ የመራጮች መዝገብ ከጦርነቱ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት፣ እንዲሁም ሴት ተፈናቃዮች በባሎቻቸው ስም ከተያዘ የመጠለያ መዝገብ ተለይተው የሚመዘገቡበት ሁኔታ በመስክ ሊጠኑ ይገባቸዋል። በሰኔ 1965 ዓ.ም. በአውራ ጎዳናው ዳር የነበረው ረኃብተኛ ለምን አልመረጠም ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ያው ጎዳና ዛሬም በመርሳና በወልድያ በኩል ያልፋል፤ ጥያቄው በዚህ ጊዜ ከምርጫው በፊት ቢነሣ የተሻለ ነው።